ስኬችአፕ፦ ለመነሻ ንድፍ ጎበዝ፣ ለወርኪንግ ድሮዊንግ (ለዝርዝር የግንባታ ሥዕል) ደካማ

አርክቴክቶች የሕንፃን ቅርጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚፈትሹበት ደረጃ ከስኬችአፕ የሚቀል ሶፍትዌር እስካሁን አላገኘሁም። በ2000 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ይህ ፕሮግራም በ2006 ወደ ጉግል፣ በ2012 ደግሞ ወደ ትሪምብል ኩባንያ ቢዛወርም ዋና ሐሳቡ አልተለወጠም፤ ተጠቃሚው አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ያሰምራል፣ ከዚያም ገጹን ስቦ ወይም ገፍቶ ግድግዳ፣ ደረጃ ወይም ጣሪያ ያደርገዋል። ደንበኛው አጠገብ ተቀምጦ የመስኮቱ ስፋት ሲለወጥ ማየቱ፣ በፕላንና በሴክሽን (ሕንፃውን ቆርጦ ውስጡን በሚያሳይ ሥዕል) ከሚደረግ ረጅም ማብራሪያ በተሻለ ውይይቱን ያሳጥራል። (ሥዕሉ ያማረለት ደንበኛ ግን ስትራክቸሩም የኤሌክትሪክ ንድፉም ያለቀ ይመስለዋል።)

ድክመቱ ጎልቶ የሚታየው ሥራው ወደ ግንባታ ፈቃድ ሲቃረብ ነው። ሞዴሉ በመሠረቱ የመስመሮችና የገጾች ስብስብ በመሆኑ፣ እንደ ሬቪት ወይም እንደ አርኪካድ (ሌሎች የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራሞች) በሩን እንደ በር አውቆ፣ አንድ ለውጥ ሲደረግ ፕላኑን፣ ሴክሽኑንና የበርና የመስኮት ሰንጠረዡን አብሮ አያስተካክልም፤ ይህን በእጅ ማመሳሰል የወጣት አርክቴክቶችን ሌሊት ይበላል።

ነፃው ዕትም በብራውዘር ስለሚሠራ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቢሮ አያስተማምንም። ኩባንያው በ2020 እ.ኤ.አ. አንዴ ተገዝቶ የሚቀረውን ፈቃድ መሸጥ ስላቆመ፣ የሚከፈልበትን ዕትም ለማግኘት በየጊዜው የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ይህም ለአዲስ አበባ አነስተኛ ቢሮዎች ከዋጋው በላይ ከባድ ነው።