የአጎቴ ላንድክሩዘር ባሌስትራ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያየሁት ሥራ

ከውጭ መጥቼ ወሎ በቆየሁበት አንድ ወር ከተገለገልኩባቸው ሁሉ ልጽፍበት የሚገባው የሁለት ጋራዦች ሥራ ነው። አጎቴ ከኩታበር አልፎ ወዳለው እርሻቸው የሚመላለሱበት ፒክአፕ ቶዮታ ላንድክሩዘር 75 ሲሆን፣ የዚህ ዓይነቱ መኪና ፊት በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ሞላ (እንደ ጥምጥም ሽቦ ወደተጠቀለለ ስፕሪንግ) ከመቀየሩ በፊት የተሠራ በመሆኑ ከፊትም ከኋላም የሚሄደው በባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው በታሰሩ የጎበጡ የብረት ቅጠሎች ላይ፣ ነው። ባሌስትራው በጭነት ብዛት ተኝቶ ዲፈረንሻሉ (በጎማዎቹ መካከል ያለው የጥርስ ሳጥን) ድንጋይ መንካት ስለጀመረ፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ እንዲል ወጪውን እኔ ልሸፍን ተስማማን።

መጀመሪያ የሄድንበት የደሴ ጋራዥ በግማሽ ቀን ጨርሶ አስረከበን። ቅጠሎቹን በእሳት አግሎ አጎበጣቸው፤ ባሌስትራውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን ሻክልም በብየዳ አስረዘመው። ለዓይን ያምር ነበር፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት ስንወርድ ግን መሪው ይዋዥቅ ጀመር። ሻክል ሲረዝም ከፍ የሚለው የባሌስትራው አንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ አክስሉ (የግራና የቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው ብረት) ይዞራል፣ መሪውን ወደ ቀጥታ የሚመልሰው ዝንባሌም ይዛባል። በእሳት የጋለ ብረት ደግሞ በዘይት ተነክሮ እንደገና በልኩ ካልሞቀ ተመልሶ የመነሣት ኃይሉን ያጣል፤ የግራው ባሌስትራ በአሥር ቀን ውስጥ እንደነበረው ተኛ።

ቀጥሎ የሄድንበት የኮምቦልቻ ጋራዥ ባለሙያ ቁልፍ ከማንሣታቸው በፊት ከእያንዳንዱ ጎማ መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው በበሩ ላይ በጠመኔ ጻፉ፤ ግራው ከቀኙ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። የተበየደውን ሻክል አውጥተው በፋብሪካው ልክ ተኩ። ከዚያም የሚፈለገውን ጉብጠት በካርቶን ላይ ሥለው፣ እያንዳንዱን ቅጠል ሳያግሉ በመዶሻ ጥቂት ጥቂት እየመቱ ከሥዕሉ ጋር ያስተያዩ ነበር፤ በየጥቅሉም አንድ ቅጠል ጨመሩ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረውን አሮጌ ዩ ቦልት ዳግም አላሰሩትም፤ አንዴ የተሳበ ብሎን አይታመንምና። አጎቴ ከፊት አክስልና ከባሌስትራው መካከል የብረት ጉማጅ ይግባልኝ ብለው ቢወተውቱ፣ «አብሽሩ ጋሼ፣ በሚጠመዘዝና ፍሬን በሚይዝ አክስል ላይ ይህን አላደርግም» ብለው እንቢ አሉ። የኋላውን የዲፈረንሻል ማዕዘን ግን በቀጭን የብረት ሽብልቅ አስተካከሉት።

ቅሬታም አለኝ። አንድ ቀን የተባለው ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ፤ አሮጌው ሾክ አብዞርበር ለአዲሱ ከፍታ አጭር መሆኑንም የነገሩን ሲያስረክቡን ነው። መኪናው ባዶውን ሲሄድ ከቀድሞው ይልቅ ያንገጫግጫል። ከፍ ማለቱ የሻሲውንና የፍሬኑን አቅም እንደማይጨምር አጎቴን ማሳመን ደግሞ ከጋራዡ ሥራ በላይ ሆኖብኛል።

ዋጋው አስቀድሞ በወረቀት የተጻፈው ብቻ ተከፈለ። 500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንድንመለስ በታዘዝነው መሠረት ስንመለስ፣ የዩ ቦልቱ ዳዶዎች ሁሉ ሩብ ዙር ያህል እንደገና ጠበቁ፤ ለዚህ የተጠየቅነው ክፍያ አልነበረም።