የሴቶች ኮታና «የእኩል ነጥብ ቅድሚያ»፦ የትኛው ይሠራል?

በቅጥርና በምርጫ ለሴቶች ከሚሰጡ የድጋፍ እርምጃዎች ሁለቱን ነው የምንገመግመው፦ ኮታንና «ነጥባቸው እኩል ከሆነ ቅድሚያ ለሴቷ» የሚለውን ደንብ። ክርክሩ ሁሌም «ብቃት ይጎዳል ወይስ አይጎዳም» ላይ ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ከእነዚህ ደንቦች ብዙዎቹ ወረቀት ላይ መቅረታቸው ነው።

ከምርጫ ኮታ እንጀምር። ሕጉ ከዕጩዎች 30 በመቶው ሴቶች ይሁኑ ይላል፣ አንድ ፓርቲም 30 ዕጩዎችን በተራ ቁጥር ዘርዝሮ አቀረበ እንበል፤ ወንበር የሚደርሰውም ከ1ኛው ተራ ጀምሮ ነው። 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ 30 በመቶ ሞልቷል። ሁሉም ግን ከ22ኛ እስከ 30ኛ ተራ ላይ ናቸው። ፓርቲው 12 ወንበር ቢያገኝ አንዲትም ሴት አትገባም፣ ሕጉም ተከብሯል። ከየሦስት ስም ሦስተኛው የሴት ይሁን ቢባል በዚያው 12 ወንበር 4 ሴቶች ይገባሉ። ወንድና ሴት እየተፈራረቁ ቢሰለፉ ደግሞ 6። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣችው ሕግ 30 በመቶ ከማለት አልፎ ሴቶቹ የመመረጥ ዕድል ባለው ተራ ይቀመጡ ብሏል፤ ጉልበቱም እዚያ ላይ ነው። የብራዚሉ የ1997 ሕግ ግን ቦታው ለሴቶች «ይጠበቅ» አለ እንጂ «ይሞላ» አላለም። ፓርቲዎችም የሴቶቹን ቦታ ባዶ ትተው ወንዶቹን አሰለፉ። ቃሉ የተስተካከለው በ2009 ነው።

ቅጣቱም እንደዚያው ይለያያል። በፈረንሳይ የ2000ው ሕግ በቂ ሴት ዕጩ ላላቀረበ ፓርቲ ድጎማውን ብቻ ስለሚቀንስ፣ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ሴት ከማቅረብ ገንዘቡን ማጣት መረጡ። ኖርዌይ ግን በቦርዱ 40 በመቶ ሴቶችን ያላሟላ አክሲዮን ማኅበር እስከ መፍረስ ይደርሳል ስላለች፣ በ2008 ቦርዶቹ ተሟልተው ነበር።

ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ የምታጨቃጭቅ ነገር፦ የ5 ሰው ኮሚቴ 30 በመቶ 1.5 ነው። ደንቡ «ወደ ላይ ይጠጋጋ» ካላለ 1 ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቅጥር። የእኩል ነጥብ ደንብ ለጆሮ ፍትሐዊ ነው፤ ሲሠራበት ግን ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም። ፈተናው ከ60፣ ቃለ መጠይቁ ከ40 ተይዞ፣ የአምስት ጠያቂዎች ነጥብ በአማካይ ሲሰላ አንዱ 82.36፣ አንዷ 82.30 ታመጣለች። በሂሳብ እኩል አይደሉም፤ ደንቡም ሳይነካ ፋይሉ ይዘጋል። የ0.06 ልዩነት ግን ብቃትን አያሳይም። ከአምስቱ አንድ ጠያቂ ነጥቡን ከ0.3 በላይ ቢቀይር የሚገለበጥ ነው።

መፍትሔው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት «በ2 ነጥብ ልዩነት ውስጥ ያሉ እኩል ይቆጠራሉ» ብሎ የነጥብ ክልል መጻፍ ነው። ውጤት ከታየ በኋላ ከተወሰነ አድልዎ ይባላል፤ ትክክልም ነው። ቅድሚያው በጭፍን እንዳይሆን ደግሞ የወንዱን የተለየ ሁኔታ የሚያይ አንቀጽ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ1995 በራሱ የሚሠራ ቅድሚያን ውድቅ አድርጎ፣ በ1997 እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለውን ደንብ የተቀበለው በዚህ ልዩነት ነው።

«በኮታ የገባች» የሚለው ስድብ ቀላል አይደለም፤ የሚሸከሙት ሴቶቹ ናቸው። አሠራሩ ራሱ ሊቀንሰው ይችላል፦ የማለፊያ ነጥቡ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ አስቀድሞም ይለጠፍ፣ በቅጥር ደብዳቤውና በግል ማህደሯ ላይ «በልዩ ድጋፍ» የሚል ቃል አይጻፍ። ብዙ መሥሪያ ቤት የሚሳሳተው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ከዓመታት በኋላ ዕድገት ስትጠይቅ ያ ቃል ከማህደሩ ተመዝዞ ይቀርብባታል።

ለፓርቲ ዝርዝር እየተፈራረቁ መሰለፍን ያለማመንታት እንመርጣለን። ለቅጥር ደግሞ አስቀድሞ የተጻፈ የነጥብ ክልል ያለውን የእኩል ነጥብ ደንብ። ክልሉ ካልተጻፈ ግን ደንቡን ማውጣቱ ከንቱ ድካም ነው።