ፕሮክስሞክስ፦ ከቪኤምዌር ለሚወጣ ቢሮ

ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ቪኤምዌርን (በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን፣ ማለትም ማሽኖችን፣ የሚያሠራውን ሶፍትዌር ሠሪ) ከገዛ በኋላ አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ፈቃድ መሸጥ ቆሟል፤ ክፍያው በየጊዜው፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ ሆነ። ፒያሳና ካዛንቺስ ሁለት ሦስት ሰርቨር ይዘው ለሚሠሩ ቢሮዎች ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ፕሮክስሞክስን ከልባችን እንመክራለን። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ለድጋፍና በደንብ ለተፈተሹ ማሻሻያዎች ነው።

ከኢኤስኤክስአይ (ከቪኤምዌር የሰርቨር ሶፍትዌር) ማሽኖችን የሚያስገባው መሣሪያ ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው ዊንዶውስ ነው፤ የቨርትአይኦ (ለምናባዊ ማሽኖች የተሠራ የዲስክና የኔትወርክ ማገናኛ) ድራይቨር ሳይኖረው ዲስኩን ቨርትአይኦ ስካዚ በሚባለው የዲስክ ማገናኛ ላይ ካደረጉት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። መጀመሪያ በተለመደው የዲስክ ማገናኛ በሳታ ያስነሱት። ከዚያ 1 ጊጋባይት ባዶ ዲስክ በቨርትአይኦ ስካዚ ጨምረው ድራይቨሩን ይጫኑ፤ ማሽኑን ዘግተው ዋናውን ዲስክ ያዛውሩ፤ የማስነሻ ቅደም ተከተሉንም ማስተካከል አይርሱ። ሊኑክስ ላይ የኔትወርክ ካርዱ ስም ስለሚቀየር የአይፒ ቅንብሩ እንደገና መስተካከል አለበት።

ክላስተር (እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) በሁለት ሰርቨር ብቻ አይሥሩ! እያንዳንዱ ሰርቨር አንድ ድምፅ አለው፤ አንዱ ከወደቀ የቀረው አብላጫ ድምፅ ስለማይኖረው አዲስ ማሽን አያስነሳም። ለሦስተኛው ድምፅ ኪውዲቫይስ (ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ፕሮግራም) የተጫነበት ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል፤ ግን በሌላ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ይሁን። ዩፒኤሶቹንም ከሰርቨሮቹ ጋር በኬብል ያገናኙ፤ የዩፒኤስ መከታተያ ሶፍትዌርም ጭነው ያስተካክሉ፤ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲዳከም ማሽኖቹ በሥርዓት ይዘጋሉ።