አራት ኪሎ ኮፒ ቤት ውስጥ የትኛው ብራውዘር ይሻላል?

ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም በማይርቅ ጠባብ ኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ደንበኛ ፎርም ሊያስሞላ፣ የፈተና ውጤት ሊያይ፣ ኢሜይሉን ከፍቶ የሥራ ማመልከቻውን ሊያሳትም ይመጣል። ኮምፒውተሮቻችን ያረጁና ባለ 4 ጊጋባይት ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታ) ናቸው፤ ስለዚህ የብራውዘር፣ ማለትም የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም ነገር ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ክሮም የማይከፍተው ድረ ገጽ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ገጾች ሲበዙበት ራሙን ጠራርጎ ይይዝና ከጎኑ የተከፈተው ወርድ አንዲት ፊደል ለመጻፍ ያምጣል። ኤጅም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከክሮም ጋር አንድ መሠረት ስለሚጋራ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ሥራ የፈቱ ገጾችን ማስተኛቱን ግን ወድጄለታለሁ። ብሬቭ ማስታወቂያን ሳይነግሩት ያግዳል። ከዚያ ያለፈ የሚያጓጓ ነገር አላገኘሁበትም።

እኔ የማደላው ለፋየርፎክስ ነው። የፊደል ቅርጽ በሚመረጥበት ቅንብሩ ውስጥ ለግእዝ ፊደል ብቻ የተለየ ቦታ አለው። ከቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ የተባለው ቅርጽ ቀጭን ስለሆነብኝ አቢሲኒካ በተባለው ተካሁት፤ ድረ ገጹ የራሱን የግእዝ ፊደል ካላዘዘ በቀር «ጸ»ንና «ጻ»ን ለመለየት ዓይኔን ማጥበብ ቀርቶልኛል። ክሮም በተለመደው ቅንብሩ ይህን ለየፊደሉ አይፈቅድም።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ብራውዘሩ ሲዘጋ ኩኪዎችን፣ ማለትም ድረ ገጽ ማን እንደገባ የሚያስታውስባቸውን ትንንሽ ፋይሎች፣ እንዲያጠፋ ማዘዝ መቻሉ ነው። ሌሎቹም ይህ አላቸው፤ የፋየርፎክሱ ግን አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ባለፈው አንድ ተማሪ እያለከለከ ተመልሶ መጣና «ጋሼ፣ ኢሜይሌን ሳልዘጋው ሄድኩ!» አለኝ። «አይዞህ፣ አንተ እንደወጣህ ብራውዘሩን ዘግቼዋለሁ» ብዬ ከፍቼ አሳየሁት፤ የይለፍ ቃል እንደገና ሲጠይቀው ትንፋሹ ተመለሰ።

እንከንም አለበት። የአንድ መሥሪያ ቤት ፎርም እስከ መጨረሻው ከተሞላ በኋላ «ላክ» የሚለው ቁልፍ በፋየርፎክስ አልሠራ አለ። ባለጉዳዩ በላዬ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ በክሮም ደግሜ ሞላሁለት። ክሮምን ከኮምፒውተሩ ያላጠፋሁት ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው።

በስልኬ ላይ ኦፔራ ሚኒ አለ። ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ ጨምቆ ስለሚልክ ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ዜና ሳነብ ዳታዬን ይቆጥብልኛል። የባንክ ሥራ ግን በዚያ መንገድ አልሠራም፤ የሚጨመቀው ገጽ በኩባንያው ሰርቨር በኩል ያልፋላ!