ድምፁ ያማረ፣ ግንኙነቱ የሚያስቸግር የዋይፋይ ስፒከር

ልደታ ኮንዶሚኒየም ላለው ጠባብ ሳሎናችን የገዛነው ይህ ጥንድ ስፒከር በድምፅ ጥራቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የማሲንቆው ሻካራ ድምፅ እንኳ ሳይድበሰበስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ችግሩ የሚጀምረው ከላፕቶፕ ሙዚቃ ሲላክለት ነው። የሚቀበለው የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ብቻ በመሆኑ፣ የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር በዚያው ሞገድ ላይ በሚጨናነቅበት ሕንፃ ውስጥ፣ በተለይ ማታ ማታ፣ ዘፈኑ እየተቆራረጠ ይመጣል። ራውተሩን ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ቻናሎች (ሞገዱ ከሚከፈልባቸው መስመሮች) ብዙም ወዳልተጨናነቀው መቀየርና ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል ማገናኘት መቆራረጡን በእጅጉ ቀንሶታል፤ እንዲህ ሲሆን ሙዚቃው በአየር ላይ የሚጓዘው ሁለቴ ሳይሆን አንዴ ብቻ ነውና።

ከዚህ የባሰው ስፒከሩ ከላፕቶፑ ዝርዝር ላይ ጭራሽ መጥፋቱ ነው። ዊንዶውስ የቤቱን ኔትወርክ «ፐብሊክ» (የሕዝብ) ብሎ ከያዘው ሌሎች መሣሪያዎችን ላያሳይ ይችላል፤ የእኛው «ፕራይቬት» (የግል) ወደሚለው ሲቀየር ስፒከሩ ወዲያው ብቅ አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ራውተሩ ለስፒከሩ ሌላ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚለይበት ቁጥር) ሊሰጠውና ላፕቶፑ በቀድሞው አድራሻ ሊያጣው ስለሚችል፣ ቋሚ አድራሻ መመደቡ ይበጃል። አብሮት የመጣው መመሪያ ስለዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ የፒያሳው ሻጭም፣ ትሕትናው ባይካድም፣ «በብሉቱዝ ይሞክሩት» ከማለት አላለፈም።

ሙዚቃ ብቻ ለሚያዳምጥ ሰው እመክረዋለሁ። ፊልም ለሚያይ ግን ድምፁ ከተዋናዩ አፍ ዘግይቶ ስለሚደርስ በገመድ የሚሠራ ስፒከር ይሻለዋል።