ፎርጅድ ፌንደር፣ ያገለገለ ያማሃ ወይስ የዋንዛ ቤዝ? ለጎንደር ጀማሪ ተጫዋቾች

«ያለኝ ብር ይህ ነው፤ የትኛውን ቤዝ ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ፣ በተለይ የጥር ሠርግ ሲቃረብ፣ ከማራኪም ከአዘዞም በስልክ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኔ ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን በባንድ የሚጫወቱ ወጣቶች በመሆናቸው የሚያወጡት ገንዘብ የብዙ ወራት ቁጠባ ነው። እኔ ቤዝ ጊታር ከመጫወት አልፌ በትርፍ ጊዜዬ እየሠራሁ ስለምሸጥ በገበያው ውስጥ የራሴ ጥቅም አለኝ፤ ምክሬ ግን የራሴን ሥራ አያስቀድምም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው አንገቱ ያልተጣመመ፣ ያለ ባትሪ የሚሠራ፣ ያገለገለ ያማሃ ወይም ስኳየር (የአሜሪካው ፌንደር ዝቅ ያለ ዋጋ ያለው ምርት) ቢገዛ ይሻለዋል።

ከዋጋው እንጀምር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ስላለፈ፣ ከዚያ በፊት የተሰማ ዋጋ ዛሬ ለመደራደሪያ አይሆንም። እኔ በቅርቡ ስጠየቅና ስደራደር ያየሁት እንዲህ ነው፦ ስም የለሽ አዲስ የቻይና ቤዝ ከ20,000 እስከ 25,000 ብር፣ የአንገቱ አናት ላይ «ፌንደር» ተጽፎበት «ዳያስፖራ ያመጣው ነው» የሚባለው ከ38,000 እስከ 45,000፣ ያገለገለ ያማሃ አርቢኤክስ 170 ወይም ስኳየር ከ28,000 እስከ 35,000፣ ከእኔ እጅ የሚወጣው የዋንዛ ቤዝ ደግሞ 33,000 ብር። በዚህ ላይ ሻጭ የማይናገረው ወጪ አለ፤ አንድ ሙሉ የቤዝ ክር 3,500 ብር ይጠየቅበታል፣ እሱም ከተገኘ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ገዢን የሚያስለቅሰው በሁለተኛነት የጠቀስሁት ነው። አሜሪካ የተሠራ አዲስ ፌንደር ቤዝ እዚያው አገሩ ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሚሸጥ፣ ቀረጡና መጓጓዣው ባይታሰብ እንኳ በ40,000 ብር ጎንደር ሊደርስ አይችልም። ከባንዳችን አባላት አንዱ ግን ስሙን አምኖ በ41,000 ብር ከአዲስ አበባ አስመጣ። መሣሪያው ሲታይ ያምራል። ክሮቹ ተቃኝተው 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ሲጫኑ ግን ድምፁ ከሚገባው በላይ እየቀጠነ አስቸገረ፤ ብሪጁ (ክሮቹ በታች በኩል የሚታሰሩበት ብረት) ላይ ያሉትን የክር ማረፊያዎች እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ብስባቸውም አልተስተካከለም። ሜትር ይዤ ስለካው ምክንያቱ ወጣ። የመደበኛ ቤዝ የክር ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ አንገቱ አናት ላይ ካለው የክር ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት 432፣ ከዚያ እስከ ብሪጁ ማረፊያ ደግሞ ከ432 ትንሽ የሚበልጥ መሆን ነበረበት፤ የእሱ ግን ወደ ኋላ ተስቦም 427 ላይ ቆመ። ብሪጁ የተተከለው ያለ ቦታው ነው ማለት ነው። ፈትቼ፣ የድሮዎቹን ቀዳዳዎች በተጠረበ ወይራና በኮላ ደፍኜ እንደገና ስበሳ ደግሞ ከመሰርሰሪያው ጋር ስስ ስስ ልጣጭ እየወጣ መጣ፤ «ደረቅ የአሜሪካ እንጨት» የተባለው ቀለም የተቀባ ኮምፔርሳቶ ነበር። አንገቱ ውስጥ የተቀበረውና የክሩን ጉተታ የሚቋቋመው የብረት ዘንግ መፍቻ ሲገባበት በባዶው ይዞራል፣ የሚይዘው ነገር የለም። በአናቱ ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር ሲፋቅ ተላጠ። ሻጩ በመጀመሪያው ሳምንት «እንተያያለን» ሲል ከቆየ በኋላ ስልክ ማንሣቱን ተወው።

ስለዚህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሜትር ይዞ ይሂድ። ሻጭ የሚያወራውን ሁሉ ከመስማት ሁለት ልኬት መውሰድ ይቀላል። ስም የለሹ የቻይና ቤዝ ቢያንስ በስሙ አይዋሽም፤ አንዳንዱም ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን የክር መቃኛ ቁልፎቹ ቶሎ ስለሚላሉ ከማሲንቆ ጋር ለሚጫወት ሰው አልመክረውም። ባለማሲንቆው በድምፃዊው ልክ ከፍና ዝቅ አድርጎ ሲቃኝ ቤዙም በዘፈኖች መካከል ተከትሎ መቃኘት ስላለበት፣ ቁልፉ የላላ መሣሪያ ዘፈኑ ሳያልቅ ከቅኝቱ ይወጣል።

ያገለገለውን የምመርጥበት ምክንያት ከፎርጅዱ መርከሱ ብቻ አይደለም። የእነዚህ ርካሽ ያማሃዎች አንገት ብዙ ክረምትና በጋ አይቶ ካልተጣመመ ከእንግዲህም የመጣመም ዕድሉ ጠባብ ነው። ፌንደርም ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅ ያለ ዋጋ ያላቸውን መሣሪያዎቹን «ስኳየር» በሚለው ስም ስለሚሸጥ፣ ስኳየር መያዝ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ከውሸት ፌንደር እውነተኛ ስኳየር ይበልጣል። ሲገዛ መጀመሪያ አንገቱ ይታይ። ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ የመጨረሻው ፍሬት ላይ ሲጫኑት፣ 7ኛው ፍሬት አካባቢ አንድ የሞባይል ካርድ የምታልፍበት ክፍተት ቢኖር ጤነኛ ነው፤ ክሩ ሙሉ በሙሉ ከተኛ ወይም ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለው በዘንጉ መስተካከሉን እዚያው ሻጩ ፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በየካቲትና በመጋቢት የሚገዛ ሰው ደግሞ መዳፉን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ያንሸራትት፤ የጎንደር በጋ እንጨቱን ስለሚያኮማትረው የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ይህ በቀጭን ሞረድ በአንድ ከሰዓት የሚስተካከል ስለሆነ መሣሪያውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይበቃል።

የድምፅ መቆጣጠሪያው ሲዞር ቢንኮሻኮሽም አያስደነግጥ። የሚያስደነግጠው ቀድሞ የተጠገነ መሆኑ ነው። ሬዲዮ ጠጋኞቻችን ካውያ ይዘው ጎበዞች ቢሆኑም፣ በእጃቸው የተገኘውን 10 ኪሎ ኦም መቆጣጠሪያ በ250 ኪሎ ኦሙ ቦታ የበየዱበት ቤዝ በተደጋጋሚ ደርሶኛል፤ እንዲህ ያለው መሣሪያ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደተቀበረ ሬዲዮ ታፍኖ ይሰማል፣ ባለቤቱም ጥፋቱ የፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው ክፍል) ይመስለዋል። ከመግዛት በፊት የኋላውን ክዳን ከፍቶ በመቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነጻ ነው።

ወደ ራሴ ሥራ ስመጣ፣ ቦዲውን የምሠራው ከአሮጌ የዋንዛ በርና ጠረጴዛ ነው፤ ለዓመታት ቤት ውስጥ የደረቀ እንጨት ከእንግዲህ የመሰንጠቅ ዕድሉ ጠባብ ነው፣ ዋንዛውም ለመቅረጽ እሺ የሚል፣ ከበሮ ሠሪዎቻችንም የሚያውቁት እንጨት ነው። አንገት ግን አልሠራም። እያንዳንዱ ፍሬት የሚያርፈው የቀረው የክር ርዝመት ለ17.817 ተካፍሎ በሚገኘው ቦታ ሲሆን፣ የመጀመሪያው 48.5 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሳተ ፍሬት እስከ ዕድሜ ልኩ ሐሰተኛ ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ቦዲያቸው ከተሰበረ ቤዞች ላይ የተረፈ የፋብሪካ አንገት እየገዛሁ እገጥማለሁ። አንገቱ 8,000፣ እንጨቱ 2,500፣ ከውጭ በሰው የማስመጣቸው ፒክአፕ፣ ብሪጅና መቃኛዎች 13,000፣ ላኬና ሽቦ 1,500 ብር ይፈጃሉ። የሚተርፈው 8,000 ብር የጉልበቴ ነው። ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ በባቲም ሆነ በአምባሰል ቀስ ብሎ ለሚሄድ ዜማ ከያማሃው እመርጠዋለሁ። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ዋንዛ ቀላል ስለሆነ ቆሞ ለሚጫወት ሰው የአንገቱ አናት ወደ መሬት ያዘነብላል፣ በሰፊ ቆዳ ማንገቻ ካልተያዘ ግራ እጅን ያደክማል። መሸጥ ቢፈለግ ደግሞ ያማሃው በሳምንት ውስጥ ገዢ ሲያገኝ የእኔን የሚገዛው እኔን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ለሁለተኛ መሣሪያነት፣ ለዚያውም ለጥገና ወደ እኔ መምጣት ለሚችል የጎንደር ሰው እንጂ ለመጀመሪያ አልሸጠውም።

በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራውን ዓይነት በተመለከተ፣ ጃኩ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ስለሚያልቅና ድንኳን ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ምትክ ስለማይገኝ ባይገዛ እላለሁ። ባለ አምስት ክሩም ብዙዎችን ይማርካል፤ ነገር ግን የአምስተኛው ክር ድምፅ 31 ኸርዝ ገደማ በመሆኑ ሠርግ ላይ የምንከራያቸው ሞንታርቦዎች አብዛኞቹ አያወጡትም፣ ክሩም ከአራቱ ይልቅ ውድና ብርቅ ነው።

ያገለገለ ቤዝ አብዛኛውን ጊዜ ከሞተ ክር ጋር ስለሚሸጥ 3,500ው ከዋጋው እንዲቀነስ መከራከር ተገቢ ነው። ሻጭ እንቢ ካለም አሮጌውን ክር አውልቆ በሳሙና ውሃ ለጥቂት ደቂቃ መቀቀል፣ ማለቅለቅና በደንብ ማድረቅ ይቻላል፤ ጥርት ያለው ድምፁ ለጥቂት ጊዜ ተመልሶ ይቆያል፣ እስከዚያም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አዲሱን ያደርሳል።