ፋሮ፦ ስሞልቶክን ለጀማሪ

ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግን (ፕሮግራምን መልእክት በሚለዋወጡ ኦብጀክቶች፣ ማለትም ዳታንና ሥራን አንድ ላይ በያዙ ክፍሎች፣ የመገንባት ዘዴን) ከሥሩ መረዳት ለሚፈልግ ሰው ፋሮ ምርጥ መነሻ ነው። ስሞልቶክ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አንዱ ዓይነት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2008 ስኩዊክ ከተባለው ሌላ ስሞልቶክ ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው።

መጫኑ አያስቸግርም። ፋሮ ላውንቸር የተባለውን መጫኛና ማስጀመሪያ ፕሮግራም አውርዳችሁ «ስቴብል» (የተረጋጋ) የሚለውን ስሪት ምረጡ። ገና በመሠራት ላይ ያለውን ተዉት፤ ዛሬ የሠራው ነገ ሊበላሽ ይችላል።

ቋንቋው ለራሱ የያዛቸው የተጠበቁ ቃላት በጣም ጥቂት ናቸው። ቅድመ ሁኔታን የሚፈትነው «ኢፍ» እንኳ ለእውነት ወይም ለሐሰት ኦብጀክት የሚላክ መልእክት ነው። ጀማሪን የሚያደናግረውም ይኸው ነው፦ 2 + 3 * 4 ብላችሁ ብታሠሩ መልሱ 14 ሳይሆን 20 ነው። መደመርም ማባዛትም እኩል መልእክቶች ስለሆኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራሉ፤ ቅንፍ አትርሱ። በሜተድ (ኦብጀክቱ መልእክት ሲደርሰው በሚሠራው ኮድ) መጨረሻ ላይ ውጤት የሚመልሰው የ^ ምልክት ከተረሳ ደግሞ ያሰላችሁት ውጤት ሳይሆን መልእክቱን የተቀበለው ኦብጀክት ራሱ ይመለሳል። ምንም ስህተት ስለማያሳይ ብዙ ሰዓት ያባክናል።

ፋሮን የምወደው ግን በዲበገሩ (በስህተት መፈለጊያ መሣሪያው) ነው። አንድ ኦብጀክት የማያውቀው መልእክት ሲላክለት ፕሮግራሙ ይቆማል እንጂ አይሞትም። በሚከፈተው መስኮት «ክሪኤት»ን ተጫኑ፣ ክላሱን (የኦብጀክቱን ዓይነት) ምረጡ፣ ሜተዱን እዚያው ጻፉና «ፕሮሲድ» በሉ፤ ከቆመበት ይቀጥላል። የተለዋዋጮቹ እውነተኛ ዋጋ ፊታችሁ እያለ ኮድ መጻፍ በግምት ከመጻፍ እጅግ ይሻላል። ይህንን ከመጀመሪያው ሳምንት ልመዱት።

ዋናው አደጋ ኢሜጁ፣ ማለትም የፋሮ ሁኔታ እንዳለ የሚቀመጥበት ፋይል፣ ነው። ኮዱም፣ ኦብጀክቶቹም፣ የተከፈቱት መስኮቶችም በአንድ ፋይል ይቀመጣሉ፤ ሴቭ ስታደርጉ የተበላሸውም አብሮ ይቀመጣል። ስለዚህ ኢሜጁን እንደ መዝገብ አትመኑት። ኮዱን አይስበርግ በተባለው የፋሮ መሣሪያ አማካይነት ወደ ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ ወደሚይዘው ሥርዓት) አስገቡ፣ አልፎ አልፎም አዲስ ኢሜጅ ከፍታችሁ ከጊት ጫኑት፤ እዚያ ካልሠራ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። ሴቭ ሳታደርጉ ቢዘጋባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ኤፒሲያ የተባለው የፋሮ መሣሪያ እያንዳንዱን የኮድ ለውጥ ስለሚመዘግብ መልሶ ማምጣት ይቻላል።

ጉድለትም አለው፦ ዝግጁ ላይብረሪው (ሌሎች የጻፉትና ወስዳችሁ የምትጠቀሙበት ኮድ) ከፓይተን ጋር አይወዳደርም፣ የሥራ ገበያውም ጠባብ ነው። የቆዩ ማስተማሪያዎች የሚያሳዩት ሜኑም ከአሁኑ ይለያል። ስለዚህ መጀመሪያ አብሮት በሚመጣው ፕሮፍስቴፍ በተባለው ትምህርት ጀምሩ፤ የሚሠራው እዚያው ፋሮ ውስጥ ነው።